ኤሲው ሲመጣና ሲሄድ፦ በባሕር ዳር ጋዝ ማስሞላት ገንዘቡን ያወጣል?

አንዳንዴ አጥንት ድረስ የሚያቀዘቅዝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሙቅ አየር የሚተፋ ኤሲ ይዞ ጋራዥ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ጋዝ አልቋል፣ እንሙላው»። ይህ ግምገማ ስለዚያ አገልግሎት ነው። አንድን ጋራዥ ነጥለን አናይም፤ የምናየው በከተማችን በተለምዶ «ጋዝ መሙላት» ተብሎ የሚሸጠውን ሥራ፣ አብረውት የሚሸጡትን ዕቃዎችና በምትኩ ሊጠየቅ የሚገባውን ነው። በአእምሯችን ያሉት መኪኖች እዚህ የሚበዙት ያገለገሉ ቶዮታዎች ናቸው፦ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስ፣ ዶልፊን።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ብልሽቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ጋዝ ማስሞላት የመጀመሪያው ሥራ መሆን የለበትም። የጎደለ ጋዝ ጎድሎ ይቆያል እንጂ ጠዋት ጎድሎ ከሰዓት አይሞላም። ቅዝቃዜው ማንም ሳይነካው ተመልሶ ከመጣ ጋዙ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የሚቋረጠው ሌላ ነገር ነው። ወይ ኤሌክትሪኩ ነው፣ ወይ የአየር ዝውውሩ ነው፣ ወይ ቱቦው ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ጋዝ ማነስ ራሱ መምጣትና መሄድ የሚፈጥርባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፤ ወረድ ብለን እናያቸዋለን።

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥያቄ መልሰው ይሂዱ፦ ቅዝቃዜው ሲጠፋ ነፋሱ አብሮ ቀነሰ ወይስ ነፋሱ እንዳለ ሆኖ ሞቀ? ይህን ለይቶ ለሚናገር ደንበኛ ጥሩ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ይቀንስለታል። ይህን ሳይጠይቅ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ወደማንሳት የሚሮጥ ባለሙያ ደግሞ ገና ከጅምሩ ጥርጣሬ ላይ ይጥላል።

ነፋሱ ራሱ ከቀነሰ ችግሩ በረዶ ነው። ጎንደር መንገድ ላይ ገና ወረታ ሳይደርሱ ቀዳዳዎቹ ማፈን ይጀምራሉ፣ ማራገቢያው ሲጮህ ይሰማል፣ አየር ግን አይወጣም። ኢቫፖሬተሩ (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ላይ የሚጠራቀመው የአየር እርጥበት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ ክንፎቹ መካከል በረዶ ሠርቶ መንገዱን ይዘጋል። ክረምት ላይና ሐይቁ ዳር አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይህ ይብሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኤሲውን ቁልፍ ያጥፉት፣ ማራገቢያውን ግን በከፍተኛው ይተዉት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነፋሱ ከተመለሰና ከመኪናው ሆድ ሥር ውኃ በብዛት ከፈሰሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መንስኤዎቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የካቢን ፊልተር ነው፤ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ይገኛል፤ በዘጌና በጢስ አባይ አቧራ ከተመላለሰ መኪና ውስጥ ሲወጣ መልኩን ማየት ይበቃል። ብዙ የድሮ መኪኖች ጨርሶ ፊልተር የላቸውም፤ አቧራው በቀጥታ ኢቫፖሬተሩ ላይ ይጋገራል፣ ስለዚህ እሱው ወጥቶ መታጠብ አለበት። ሁለተኛው ኢቫፖሬተሩ ላይ የተሰካው የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ነው። ሥራው በረዶ ከመሠራቱ በፊት ኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ) ማስቆም ነው፤ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) ይጨምራል። ከቦታው ከተነቀለ ወይም ካረጀ ኮምፕረሰሩ ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ሌላ ሰው ኢቫፖሬተሩን ፈትቶ ሲመልስ ሴንሰሩን ዝም ብሎ ጎን ላይ ጥሎት እናገኘዋለን፤ ይህ ሳይለወጥ በነጻ የሚስተካከል ነገር ነው። ሦስተኛው በትንሹ የጎደለ ጋዝ ነው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ፊልተሩ ይታይ።

ነፋሱ እንዳለ ሆኖ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ መቼ እንደሚሞቅ ይመልከቱ። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ መናኸሪያው አካባቢ ወይም አባይ ድልድይ አፍ ላይ ሰልፍ ሲይዝ የሚሞቅ ኤሲ የኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ማራገቢያ ችግር አለበት። ሲነዱ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያበርደዋል፤ ሲቆሙ ግን ማራገቢያው ብቻ ነው ያለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ብሩሹ ያለቀ የማራገቢያ ሞተር ደግሞ አንዴ ይነሳል አንዴ አይነሳም። ፈተናው ይህ ነው፦ መኪናው ቆሞ፣ ኤሲው በርቶ በሞቀ ጊዜ አንድ ጆግ ውኃ ኮንደንሰሩ ላይ በዝግታ ያፍስሱ። ቅዝቃዜው በደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ጋዙ ጤነኛ ነው፣ ያነሰው አየር ነው። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃና ገለባም እዚሁ ይቆጠራል፤ ከፊት ብቻ ማጠብ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ከኋላ ወደ ፊት በለዘበ ግፊት ይታጠብ።

አሁን ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ የሚፈስበት ቦታ ላይ ደረስን፤ የኮምፕረሰሩ ክላች፣ ማለትም ኮምፕረሰሩን ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሊ ጋር በማግኔት የሚያያይዘው ክፍል ነው። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ይሠራል፣ ሞተሩና ቀኑ ከጋሉ በኋላ ይጠፋል፣ መኪናው ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ካረፈ ይመለሳል። ደንበኛው ጋዝ ያስሞላል፤ ሲሞላ መኪናው ቆሞ ስለበረደ ይሠራል፤ «ተስተካከለ» ተብሎ ይከፈላል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ያው ነው።

ምክንያቱ መዳብ ነው። የክላቹ ጥቅል ሽቦ በቀዝቃዛው ከ3 እስከ 5 ኦም ይሆናል፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲግል ጭማሪው 30 በመቶ ያልፋል። የሚያልፈው አምፒር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የማግኔቱ ጉልበት ደግሞ ከአምፒሩ የበለጠ ስለሚወድቅ ከመጀመሪያው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። አዲስ ክላች ላይ በፊተኛው ሳህንና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ሳህኑ እየተበላ ሲሄድ 0.8 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የደከመ ማግኔት ያን ያህል ርቀት መሳብ አይችልም። ሲበርድ ይስባል፣ ሲግል ያቅተዋል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ኤሲው በጠፋበት ቅጽበት ቁልፉን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍተው ኮምፕረሰሩን ይመልከቱ፤ ነጠላ፣ ሻሽና ረጅም እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ። ፑሊው እየዞረ የፊተኛው ሳህን ቆሞ ከሆነ ክላቹ አልያዘም። ከዚያ ክላቹ ላይ የሚገባውን ሽቦ በመልቲሜትር ይለኩ። ከ12.5 ቮልት በላይ እየመጣ ሳህኑ ካልተሳበ ጥፋቱ ክላቹ ውስጥ ነው። ምንም ካልመጣ ጥፋቱ ከክላቹ በፊት ነው፤ ኮምፕረሰሩን አትንኩት። ከ10 እስከ 11 ቮልት ከሆነ በመንገድ ላይ የላላ ወይም የዛገ ነገር አለ።

ክፍተቱ የሚለካው ፊለር ጌጅ በሚባለው የብረት ቅጠል መለኪያ ነው፣ ሳህኑን ዙሪያ ሦስት ቦታ ላይ። ክፍተቱ ከ0.6 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሐሉ ላይ ያለው ቡሎን ይፈታል፣ ሳህኑ ይወጣል፣ ዘንጉ ላይ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች ተገቢዋ ትነሳለች፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይለካል። ከ0.35 እስከ 0.6 ባለው ውስጥ ከገባ በቂ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ኤሲው ጠፍቶም ሳህኑ ፑሊውን እየነካ ይቃጠላል። ለዚህ ሥራ ጋዝ አይወጣም፣ ቱቦ አይፈታም፣ የሚገዛ ዕቃም የለም። ሙሉ ኮምፕረሰር እንዲለወጥ የታዘዘላቸው መኪኖች በዚህች ሮንዴላ መዳናቸው የሚያስቆጭ ነው። ፑሊው ሲዞር የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ ግን የክላቹ ኩሽኔታ እያለቀ ስለሆነ አብሮ ይለወጥ፤ የሚያልቅ ኩሽኔታ ጥቅሉን ያቃጥላል።

ቮልት ካልደረሰ መጀመሪያ ሪሌዩን (ለክላቹ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ስዊች) ይጠርጥሩ። በአብዛኞቹ ቶዮታዎች የክላክሱ ሪሌይ ተመሳሳይ እግር ስላለው አቀያይሮ መሞከር ይቻላል፤ ቁጥሩና እግሩ አንድ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ቀጥሎ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው)፦ ኤሲው በርቶ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ኮምፕረሰሩ አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ተበላሽቷል፣ ይጸዳ። በጉድጓድ መንገድ ላይ ብቻ የሚጠፋ ኤሲ ዘወትር የሚገኘው ከእነዚህ ማያያዣዎች አንዱ ላይ ነው። ዳይናሞው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ከ13.8 ቮልት በታች ከሰጠም ክላቹ ቀድሞ ይሰማዋል። የኤሲው መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ አንዳንድ የድሮ ቶዮታዎች የኮምፕረሰሩን ዙር ከሞተሩ ዙር ጋር ስለሚያነጻጽሩ፣ ቺንጋው ሲንሸራተት ኮምፕረሰሩን ራሳቸው ያጠፉታል። ቺንጋውን ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይበቃል። ዳገት ላይ በሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ለጥቂት ሰከንድ የሚጠፋ ኤሲ ግን ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩ ጉልበት ለማግኘት በዕቅድ ያጠፋዋል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግልም እንዲሁ ነው፤ ያኔ የሚታየው ራዲያተሩ ነው።

እዚህ ላይ ለኤሌክትሪሺያኖቻችን ያለንን አድናቆት ሳንገልጽ አናልፍም። በሚመጣና በሚሄድ ብልሽት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ የሚገኘው ከሁሉ የተሻለ አገልግሎት መልቲሜትርና የሽቦ ንድፍ ይዞ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። መጀመሪያ እሱ ጋ ይሂዱ፤ ጋዝ ሞዪው ጋ በኋላ ይደርሳሉ።

ጋዝ ማነስ ራሱ መምጣትና መሄድ የሚፈጥርበት ሁለተኛው ሁኔታ እነሆ። ክላቹ በየጥቂት ሰከንዱ ቀጭ እያለ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ፣ ጋዝ አንሶ የዝቅተኛ ግፊት መከላከያው እያቋረጠው ሊሆን ይችላል። በቶዮታ ይህ ስዊች ግፊቱ ወደ 28 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) አካባቢ ሲወርድ፣ በላይኛው ጫፍ ደግሞ 455 ፒኤስአይ ሲደርስ ክላቹን ያጠፋል። ኮምፕረሰሩ ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ስዊቹ ይቆርጣል፣ ግፊቱ ይመለሳል። እዚህ ጋዝ ማስሞላት ተገቢ ነው፤ ግን የወጣበት ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ። ጋዝ እንደ ዘይት አይበላም፤ ከጎደለ ፈስሷል። ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ፣ ኮምፕረሰሩ ዘንግ ፊት፣ ኮንደንሰሩ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ይፈልጉ፤ በሳሙና አረፋ ያረጋግጡ። የመሙያ ቫልቮቹን ክዳን ፈተው እዚያም አረፋ ይቀቡ፤ ክዳን የሌለው ቫልቭ በጣም የተለመደ ነው።

አገልግሎቱን ራሱን ስንመዝነው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ባለአንድ ጌጅ ጣሳ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ሰክቶ «እስኪቀዘቅዝ» መጨመር ነው። ይህን አንመክርም። በሌላኛው በኩል ያለው ግፊት አይታይም፤ ማራገቢያው በደከመ መኪና ላይ ጋዝ ሲበዛ ከፍተኛው ግፊት ጣሪያ ነክቶ መከላከያው ያቋርጣል፣ ደንበኛው ከነበረው የባሰ የሚመጣና የሚሄድ ኤሲ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግፊት አብሮ የሚያሳይ ባለሁለት ጌጅ ማኒፎልድ፣ ቱቦውን ከአየር ባዶ የሚያደርግ ቫኪዩም ፓምፕና ሚዛን ያለው ሥራ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ይህ ብቻ ነው። ያለውን ጋዝ ወደ ማሰባሰቢያ ሲሊንደር ያወጣል፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይስባል፣ ዘግቶ 10 ደቂቃ መርፌውን ይጠብቃል፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ይሞላል። ትንንሽ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 550 ግራም ይወስዳሉ፤ የ50 ግራም ስህተት ይሰማቸዋል። «ስንት ግራም ገባ?» ሲባል ቁጥር መናገር የማይችል ጋራዥ አልመዘነም።

ቫኪዩሙ ላይ ከተማችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ጌጁ ላይ 30 ኢንች የሚለው የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በ1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 81 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ የሞላ ቫኪዩም 24 ኢንች አካባቢ ላይ ይቆማል። መርፌው 24 ላይ ሲቆም «ፓምፑ ደክሟል» ወይም «ያፈሳል» የሚል ባለሙያ ጌጁን ከቦታው ጋር አላገናዘበም። 24 ላይ ደርሶ ከዘጉት በኋላ ወደ 20 የሚወርድ ከሆነ ግን በእርግጥ ያፈሳል። ከሞላ በኋላ ደግሞ በ1,500 ዙር፣ ማራገቢያው በከፍተኛው ሆኖ፣ ዝቅተኛው ከ21 እስከ 36፣ ከፍተኛው ከ199 እስከ 228 ፒኤስአይ መሆን የቶዮታ መለኪያ ነው፤ ይህ ግን የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ነው። በባሕር ዳር ጠዋት ከፍተኛው ከዚህ ቢያንስ አያስደንግጥ።

ዝቅተኛው መርፌ ጥሩ ቆይቶ በድንገት ወደ ቫኪዩም ወርዶ፣ ሞተሩ ካረፈ በኋላ ራሱ ቢመለስ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያሳልፈው ጠባብ በር) አፍ ላይ እርጥበት በረዶ እየሆነ ነው። ድራየሩ (እርጥበት የሚመጠው ክፍል) ይለወጥ፣ ቫኪዩሙ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጋዝ ብቻ መጨመር እዚህ ፋይዳ የለውም።

ስለ ጋዙም እንናገር። ገበያ ላይ «134» (አር134ኤ የተባለው የመኪና ኤሲ ጋዝ) ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 134 አይደለም። ጣሳውን ወይም ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይተው፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር አድርገው ጌጅ ይሰኩበት። ንጹሕ አር134ኤ ባሕር ዳር ላይ በ20 ዲግሪ 71፣ በ25 ዲግሪ 85፣ በ30 ዲግሪ 100 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል። ከዚህ በ10 ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር መኪናዎ ውስጥ አይግባ። በ25 ዲግሪ 140 ካሳየ የቤት ኤሲ ጋዝ አር22 ነው። ፈተናው የተቀላቀለን ሁሉ አይዝም፤ የተቀመመ ተቀጣጣይ ጋዝ ተቀራራቢ ግፊት ሊሰጥ ይችላል። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠውን ጣሳ ደግሞ አይግዙ፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ይደፍናል፣ በኋላ የሚሠራውን ሰው ማሽንም ያበላሻል። የኮምፕረሰሩ ዘይት ለዴንሶ ሥሪት ኮምፕረሰሮች ፓግ 46 ነው፣ ኤንዲ ኦይል 8 ተብሎም ይሸጣል፤ የሞተር ዘይት አይተካውም። ኮንደንሰር ሲለወጥ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨመራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በቀድሞው ጋዝ በአር12 የተሠሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ የመሙያ አፋቸው ባለጥርስ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ።

ያገለገለ ኮምፕረሰር ለመግዛት ካሰቡ ሁለቱ አፎች በመክደኛ የተዘጉ ካልሆኑ አይውሰዱ፤ ክፍት የቆየ ኮምፕረሰር ውስጥ ያለው ፓግ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዘንጉን በእጅ አዙረው ያለ መንገጫገጭ መዞሩን፣ የጥቅሉን ኦም፣ ከውስጡ የሚፈሰውን ዘይት ቀለም ይዩ፤ ጥቁር ወይም ብልጭልጭ የብረት ብናኝ ካለበት ውስጡ አልቋል። ከኋላ ኤሲ ያላቸው ሚኒባሶች ላይ በወለሉ ሥር የሚያልፉት ረጃጅም ቱቦዎች በክረምት ጭቃ ስለሚዝጉ፣ ማንኛውም ጋዝ ከመግባቱ በፊት መኪናው ተነስቶ ቱቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ተጠርገው ይታዩ።